ከፒያሳ እስከ ወንጪ፦ አራት ቀን በሳይክል

ወንጪን እስከ ዘንድሮ የማውቃት በመኪና መስኮት ነበር። ሁለቴ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጠዋት ወጥተን ማታ ተመለስን። ሐይቁን አየሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ መጣሁ። ዳገቱ የት ይጀምራል፣ እንሰቱ ከየት ጀምሮ ይታያል፣ ብርዱስ የቱ ኩርባ ላይ ይቀበልሃል ብትሉኝ መልስ አልነበረኝም። በዚህ ጥቅምት በሳይክል ሄድኩ። አሁን ጠይቁኝ።

ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ አብሮ አደጌና ታናሽ እህቱ። ሦስታችንም የፒያሳ ልጆች ነን። ሳይክል የለመድነው እዚያው ሰፈር፣ በደቂቃ ሂሳብ እየተከራየን ነው። ያሰብነው ዙር ከፒያሳ ተነስቶ በሆለታ በኩል አምቦ፣ ከአምቦ ወንጪ፣ ከወንጪ ወሊሶ፣ ከወሊሶ ተመልሶ ፒያሳ ነው። በጠቅላላው ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከመውጣታችን በፊት በዚያ መንገድ የሚመላለሱ ሹፌሮችን አንድ ሳምንት ሙሉ ስንጠይቅ ሰነበትን። «መንገዱ ሰላም ነው፤ ብቻ ሳይመሽ ግቡ» አሉን። አንድ ቀን ብቻ ይህን ምክር ሳንሰማ ቀረን። እሱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ሰፈራችን ውስጥ ሳይክል የሚጠግኑ አንድ ጋሼ አሉ። የሦስታችንንም ሳይክል ገልብጠው አዩልን፣ ካቴናውን ዘይት ቀቡልን። ስለ ሳይክል ከተነሳ ጋሼ ሁሌም የሚጀምሩት ከ1949 ዓ.ም ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን ላይ እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል ተወዳድረዋል። «ሯጮቹን ሁሉም ያውቃል፤ እነዚህን ማን ያስታውሳል?» ይላሉ። ከዚያ የእኔን ጎማ አየር ማስገቢያ በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ «ይቺ ቀጭን አፍ ያላት ነገር ገጠር ላይ ታስቸግርሃለች» አሉኝ። መንፊያ ይዣለሁ አልኳቸው። ዝም አሉ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፦ ከፒያሳ አምቦ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ተገናኘን። ወሩ በገባ በሰባት ሥላሴ ነውና ከአራት ኪሎ በኩል የቅዳሴው ድምፅ ይመጣል። አብሮ አደጌ ተሳለመና ፔዳሉን ረገጠ። ፒያሳ ላይ ባለው አዲሱ የሳይክል መስመር ትንሽ ሄድን። ልጅ ሆነን ከሚኒባስና ከታክሲ ጋር የተጋፋንበት ቦታ ነው። አሁን ለኛ ተብሎ መስመር ሲሰመርበት ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቴን ነካኝ። መስመሩ ሲያልቅ በጳውሎስ፣ በዊንጌት፣ በአስኮ አድርገን ቡራዩ ገባን። ይህን ክፍል ሳይነጋ ማለፍ ግድ ነው። አንድ ሰዓት ካለፈ ገልባጭ መኪናውና አቧራው አያስተነፍስም።

ገፈርሳ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ግድቡ ላይ ጉም ተኝቶበታል። ዳርቻውን ቆመን አየነው። በቧንቧ እየመጣ ስንጠጣው ካደግነው ውሃ አንዱ ይሄ ነው። በግራችን ወጨጫ ተራራ ቆሟል፤ ጫፉ 3,385 ሜትር ነው። በጎኑ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ጽዱን ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል። ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ጓንት ያልያዝኩት እኔ ካልሲዬን እጄ ላይ አጠለቅኩት።

ሆለታ ቁርስ በላን። የጾም ቀን ስለሆነ ፉል አዘዝን፣ በ120 ብር። ፒያሳ ከምበላው ርካሽ ነው፤ ቃሪያውም ቆጣቢ አይደለም። ቡና 25 ብር። ባለቤቷ ሳይክሎቹን ከበር ውጭ አላስቀምጥ አለች። «እንግዳ ሲሰረቅ እኔ ነኝ የማፍረው» ብላ ጠረጴዛ ገፍታ ቦታ አበጀችላቸው።

ከሆለታ በኋላ መንገዱ ለጥ ያለ ነው። ግራና ቀኝ ኑጉ አብቦ ቢጫ ሆኗል። አዲስ ዓለም ላይ ማርያምን ለመሳለም ጎራ አልን። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ማገዶ ሲጠፋ ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ቤተ መንግሥት ተጀምሮ ሳለ ባሕር ዛፍ ደረሰና ዋና ከተማው ባለበት ቀረ። የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የመጣንበት መንገድ ራሱ ከሀገራችን የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው፤ ለዚሁ ከተማ ተብሎ የተሠራ። ያ ባሕር ዛፍ ባይደርስ እኔም የአዲስ ዓለም ልጅ እሆን ነበር ማለት ነው። እያሰብኩት ብዙ መንገድ ሄድኩ።

ጊንጪ ልንገባ ስንል የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ሽቦ ነው የወጋው። ምንም አይደል ብዬ መለዋወጫውን ከመነዳሪ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ፣ አስገባሁ። መንፊያዬን ሳነሳ ግን ጫፉ ተሰንጥቋል። አየሩ በጎን ይወጣል። የሁለቱ ጓደኞቼ ጎማ ወፍራም አፍ ስለሆነ መንፊያቸው ለኔ አይገጥምም። እየገፋሁ ጊንጪ ገባሁና ጎሚስታ ፈለግኩ። ጎሚስታው ትልቅ ኮምፕረሰር አለው፤ የሱም አፍ የመኪና ነው። የጋሼ ዝምታ ያኔ ገባኝ።

እዚያ የሚሠራው ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጎማውን አገላብጦ አየ። ከአፏ ላይ ያለችውን ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ፈታ። በአሮጌ ምላጭ ጫፏን ቁርጥ አደረጋት። ቀዳዳ ወጣላት። ገለበጣትና በተቆረጠው በኩል አፏ ላይ መልሶ አሰራት። ቀጭኑ አፍ ወፍራም ሆነ! የኮምፕረሰሩን ጫፍ ገጠመበት፤ ጎማው ድንጋይ እስኪመስል ተነፋ። ከዚህ በፊት ሠርቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። «አይ፣ ሳያት ይሆናል ብዬ ነው» አለኝ። 50 ብር ጠየቀ። መቶ ሰጠሁት። ሃምሳውን ካልመለስኩ ብሎ ሙግት ያዘ፤ በስንት ልመና ተቀበለኝ።

አዋሽ ወንዝ የሚነሳው ከዚሁ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ነው። እዚህ ላይ ገና ጅረት ነው። በአራተኛው ቀን መልሰን እናገኘዋለን።

አምቦ 10 ሰዓት ላይ ደረስን። አልጋ በ900 ብር ያዝን፤ ሙቅ ውሃ አለው። መጀመሪያ ያዘዝነው ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። አምቦ ውሃን አምቦ ላይ፣ 120 ኪሎ ሜትር ከረገጡ በኋላ መጠጣት ሌላ ነገር ነው። የወጣውን ጨው ይመልሳል፣ ጥማቱንም ይቆርጣል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፦ ዳገቱ

ጥፋታችን እዚህ ነው። ከአምቦ ወንጪ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ተዘናጋን። ጠዋት ፍልውሃው መዋኛ ገባን። ለብ ያለ ውሃ ለደከመ ጭን መድኃኒት ነው፤ ከገቡ በኋላ መውጣት ግን ይከብዳል። የተነሳነው 6 ሰዓት ላይ ነው።

አምቦ ከፍታዋ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው። የወንጪ አፋፍ ከ3,000 በላይ ነው። ስለዚህ በ30 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ ትወጣለህ። ይህ ቁጥር ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጉልበት ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ኩርባ ጨርሰህ ቀና ስትል መንገዱ ከራስህ በላይ ሌላ ኩርባ ሰርቶ ታየዋለህ።

ዳገት ላይ የሚያድነው ቀላል ማርሽ ነው፤ ይህን ለሚሄድ ሁሉ ደጋግሜ እናገራለሁ። የአብሮ አደጌ ሳይክል የድሮ የእሽቅድምድም ሳይክል ነው። ከኋላ ትልቁ ማርሽ 25 ጥርስ ነው። ለሜዳ ተወዳዳሪ የለውም። ዳገት ላይ ግን ለእያንዳንዱ እርግጫ ከመቀመጫው መነሳት ነበረበት። የእህቱ 34 ጥርስ ነው። ተቀምጣ፣ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች፣ ትንሽ ትንሽ እየረገጠች ጥላን ሄደች። በየኩርባው ቆማ ትጠብቀናለች፣ ሙዝ እየላጠች። «ሳይርባችሁ ብሉ፤ ከራባችሁ በኋላ ዋጋ የለውም» ትለናለች። አምቦ ላይ የገዛነው ሁለት ኪሎ ሙዝ፣ ኪሎው በ80 ብር፣ ያን ቀን ብቻ አለቀ።

አፈሩ እየጠቆረ ሄደ። ጤፉ ቀረና ገብስ መጣ፤ ከገብሱ በኋላ ድንች፤ ከድንቹ በኋላ በየቤቱ ጓሮ እንሰት። አንድ የአሥር ዓመት የሚሆን ልጅ በባዶ እግሩ ከጎኔ ሮጠ። ዳገቱ ሲብስ እጁን ከመቀመጫዬ ሥር አድርጎ ገፋኝ። «ጀባዱ! ጀባዱ!» ይለኛል፤ በርታ ማለቱ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል አብሮኝ ሄደ። ስንለያይ ብር ላወጣ እጄን ኪሴ ስከት እራሱን ነቀነቀና ወደ ሳይክሌ ደወል ጠቆመ። ሦስት ጊዜ ደወለ። ሳቀና ቁልቁል ሮጠ።

ጀንበሯ ስትጠልቅ ገና አራት ኪሎ ሜትር ይቀረናል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ድፍን አለ። ያለን መብራት አንድ ነው። ወርደን መግፋት ጀመርን። ውሻ ይጮሃል፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። የፈራሁት እዚህ ጋ ነው፤ አልደብቅም። ከኋላችን የፈረስ ኮቴ ሰማን። ጋቢ የተከናነቡ አንድ አባት ናቸው። «አካም ጅርቱ» ብለን ሰላም አልናቸው፤ ባለን በዚያችው ኦሮምኛ። ፈረሱን ከፊታችን አደረጉና በዝምታ መሩን። ማረፊያ ቤት በር ድረስ አድርሰውን «ነጋቲ» ብለው ሄዱ።

የማረፊያዋን ባለቤት እማማ ነው ያልናቸው። ሲያዩን ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እናንተ ልጆች፣ መኪና ጠፍቶ ነው?» አሉን። ከዚያ ወደ እሳቱ ገፋ ገፋ አደረጉን። የበግ ቅቅል ቀረበ። አብሮ አደጌ የመጀመሪያውን አጥንት አንስቶ «በጥቅምት አንድ አጥንት!» አለ። ይህን ተረት ሕይወቴን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ያን ማታ ነው በትክክል የተረዳሁት። እህቱ የጽጌ ጾም ይዛለችና እማማ ቆጮ በጎመን አቀረቡላት፣ ምጣዱ ላይ ሞቅ አድርገው፣ ኑግ ተቀብቶ። እኔም ቅቅሉን ትቼ ከሷ ሳህን ስጎርስ ነበር። ቡናው ጨው ገብቶበታል። ሁለት ስኒ ጠጣሁ። አልጋ፣ እራትና ቡና ለሦስታችን 2,400 ብር ከፈልን። እማማ ብርድ ልብስ ሦስተኛ ደርበው ሲወጡ «ነገ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ አትቸኩሉ» አሉን።

እሑድ፣ ጥቅምት 9፦ ሐይቁ

በሩን ስከፍት ለምን እንዳሉን ገባኝ። ከእግሬ ሥር ምንም የለም፤ ነጭ ጉም ብቻ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆምኩ። መጀመሪያ የተራራው አፋፍ ወጣ፣ ቀጥሎ የደሴቲቱ ዛፎች፣ በመጨረሻ ውሃው፤ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ። በመኪና የመጣሁ ጊዜ ቀትር ላይ ነበር የምደርሰው። ይህን አላየሁም።

ወንጪ ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው። አፉ ወደ ውስጥ ሰመጠና ውሃ ያዘ። ከፍተኛው ጫፍ 3,386 ሜትር ነው፤ ሐይቁ ራሱ ከባሕር ወለል ወደ 2,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ጥልቀቱ ከመቶ ሜትር ያልፋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ ብሎ ከመረጣቸው የዓለም የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ገብቷል። ሲያንሰው ነው።

ሳይክሎቹን እማማ ጋ ትተን በእግር ወረድን። ፈረስ አለ፣ ለደርሶ መልስ 400 ብር ጠየቁን። ባለፈረሶቹ በተራ ነው የሚሠሩት፤ ማንም ማንንም አይሻማም። ወደ ታች በእግር፣ ወደ ላይ በፈረስ ብላችሁ ተነጋገሩ። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል፤ ዳገቱን ግን ትናንት ጨርሰነዋል።

በጀልባ ደሴቲቱ ላይ ወዳለው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተሻገርን፣ በሰው 150 ብር። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ እየተመለሰ ነው። ነጠላ የለበሱ እናቶች ጀልባ ላይ ተደርድረዋል፤ ቀዛፊዎቹ ዝም ብለው ይቀዝፉላቸዋል። የሞተር ድምፅ የለም። ፒያሳ ላይ ላደገ ሰው ጸጥታው ጆሮ ላይ ይሰማል። አብሮ አደጌ እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ እስኪደነዝዝ አላወጣውም። ከማዶ በሸለቆው በኩል ፍልውሃና ጠበል አለ። ማርም ይሸጣሉ፤ አንድ ኪሎ ገዛሁ፣ 700 ብር። የሳይክል ቦርሳዬ ውስጥ በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ።

ደንዲ ሐይቅ እዚሁ ጎረቤት ነው። ሁለት ሐይቅ ተነካክቶ የስምንት ቁጥር ቅርጽ የሠራ ነው። ጊዜ አልነበረንም። ለሱ ሌላ ሁለት ቀን መያዝ ያስፈልጋል፤ እመለሳለሁ።

8 ሰዓት ላይ ወደ ወሊሶ ቁልቁለቱን ጀመርን። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታው ከ3,000 በላይ ተነስቶ ወደ 2,000 ይወርዳል። ትናንት ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ የፈጀብን ከፍታ ዛሬ በሁለት ሰዓት አለቀ። ፍሬን ሳትለቅ ከያዝክ ይግላል፤ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነው። አንዱ ኩርባ ላይ በሬዎች መንገዱን ሞልተው አገኘናቸው፤ አስፋልቱ ዳር ጠጠር ስለተበተነ እህቱ ልትንሸራተት ጥቂት ቀራት። ከዚያ በኋላ ቀስ አልን። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ አየሩ ይሞቃል፤ አንድ አንድ ልብስ እያወለቅን ገባን።

ወሊሶ ድሮ ግዮን ትባል ነበር። እሷም እንደ አምቦ ፍልውሃ አላት። ዘንድሮ ሁለተኛ አልዘናጋም ብዬ አልገባሁም። ክትፎ ግን በላን፣ 650 ብር፣ ከአይብና ከጎመን ጋር። እህቱ ሽሮ። የጾሟ ነገር አንጀቴን በላኝ፤ ሽሮዋ ግን እኛ ያስቀናን ሽሮ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፦ ወደ ቤት

ከወሊሶ አዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳ ነው ብለው ያጽናኑሃል። እውነት ነው፣ የበቾ ሜዳ ነው፤ ጤፉ እስከ አድማስ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ሲወዛወዝ ባሕር ይመስላል። ጤፉን የሚያወዛውዘው ግን ነፋስ ነው። በጥቅምት ነፋሱ ከምሥራቅ ይነሳል፤ እኛ ደግሞ ፊታችን ወደዚያው ነው። እስከ ቱሉ ቦሎ ጠዋት ስለነበር ደህና ሄድን። ከ4 ሰዓት በኋላ ዳገት የሌለበት ዳገት ሆነ። ተራ ገባን፤ አንዱ ከፊት ነፋሱን ይከፍላል፣ ሁለቱ ከኋላው ይጠለላሉ፣ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ መቀያየር። ይህን ዙር የሚያስብ ሰው በመጨረሻው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ይነሳ።

ተጂ አካባቢ አዋሽን ተሻገርን። ጊንጪ ላይ ጅረት ብለን የተውነው ወንዝ ደልቦ፣ ጭቃ ለብሶ፣ ሜዳውን ሞልቶ ይሄዳል። ድልድዩ ላይ ቆመን ቆሎ በላን።

ከሰበታ ጀምሮ ከተማ ነው፤ ገልባጭ መኪና፣ ጭስ፣ ጡሩንባ። በአለም ገናና በአየር ጤና አድርገን ሜክሲኮ ገባን። እዚያ ስንደርስ ሦስታችንም ተያየን። ወደ ፒያሳ የሚያወጣው የቸርችል ዳገት ይቀራል! የወንጪን ዳገት እስኪመሽ ሲረግጥ የዋለው አብሮ አደጌ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ወርዶ ገፋ። አንድ የጫማ ጠራጊ ልጅ «ጋሽዬ፣ አይዞህ ደርሰሃል!» አለው።

ማታውኑ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ማሩን ትንሽ በጠርሙስ ቀንሼላቸው ነበር። ጎማውን አዞርኩና ያቺን የተቆረጠች ክዳን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ፈትተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት፣ ወደ መብራቱ አዙረው በቀዳዳዋ አዩ። «የጊንጪ ልጅ ነው ያልከኝ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ከመሳቢያው ሦስት አሮጌ ክዳን ፈልገው አወጡና ምላጭ አንስተው ጫፋቸውን መቁረጥ ጀመሩ።